በሕግ አምላክ በሉ

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ነገር ጫሪ ነው። በእርሻ ወሰን ተጣልተው ስለሚሰዳደቡ ጎረቤታሞች አይደለም፤ እነሱን ነገ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። የማወራው ሰው በተሰበሰበበት መሀል ገብቶ፣ አንዲት ቃል ጥሎ፣ ጉባኤውን እርስ በርሱ አናክሶ ዞር ስለሚለው ሰው ነው። ጉባኤው ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በየቀኑ ያድጋል፤ ነገር ጫሪውም አብሮ ይበዛል። ይህን ሰው በምን እንመልሰው?

ከመተማ ልጀምር። ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቁልቁል ስትወርዱ፣ አይከልን አልፋችሁ ነጋዴ ባህርን ስትሻገሩ፣ የደጋው ብርድ ከኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት ፊት ለፊት ይቀበላችኋል። ገንዳ ውሃ ትደርሳላችሁ፤ የጥንት ስሟ ሸህዲ ነው። ከዚያ ኮኪት፣ ከዚያ መተማ ዮሐንስ። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ገላባት ሱዳን ናት። የድንበር ከተማ ስለሆነች መተማ ጥንትም የብዙ ሰው መገናኛ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ገበያዋን ይዘው የነበሩት ተክሩሮች፣ ከምዕራብ በሐጅ መንገድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ሸኾቻቸው ለደጋውም ገዢ ለግብፁም ገዢ ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ቀላል አይደለም፤ ግን ነጋዴው በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ የግድ ነበር።

ዛሬም እንዲሁ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ እጣን የሚለቀምበት አገር ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ሲደርስ ለአጨዳ፣ ሳሉግ የምንለው የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ይጎርፋል። አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ አገው፣ ሱዳናዊው በአንድ ገበያ ይውላል። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ በዚያው ድልድይ የሱዳን ቤተሰቦችና የብዙ አገር ዜጎች እየተሻገሩ መጥተዋል፤ ኩመርና አውላላም የስደተኛ መጠለያ ሆነው ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ የማይተዋወቅ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ምን ይዞት ይኖራል? ስድሳ አባወራ ያለበት መንደር መተዋወቅ ይበቃዋል። የሰደበኝ ሰው ነገ ወንዝ ዳር ያገኘኛል፤ ልጁ ከልጄ ጋር ከብት ይጠብቃል፤ አፉን ይሰበስባል። ስድሳው ስድስት ሺህ ሲሆን ግን ያ ልጓም ይላላል። የሰደበኝን ዳግም ላላየው እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ጉባኤውን የሚጠብቀው መተዋወቅ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ክፉ ቃል በዚህ ምድር ምን እንዳስከተለ ታሪክ አለን። ጥር 1880 የሱዳን ማኅዲስቶች ጦር ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከተማዋን አቃጠለ። በደሉ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ አፄ ዮሐንስም በበኩላቸው የወሎን ሙስሊሞች በግድ ሃይማኖት አስለውጠዋል። ሆኖም ታኅሣሥ 1881 ንጉሡ ለማኅዲስቱ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ በአጭሩ፣ እኔ ወደ አንተ አንተም ወደ እኔ እየተመላለስን ድሃ ከምንፈጅ ስምም እንሁን፤ የጋራ ጠላታችን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው የሚል ነበር። የተመለሰላቸው መልስ ንቀትና ዘለፋ የሞላበት ነው፤ ካልሰለምህ ሰላም የለም የሚል። አቡ አንጃ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ። በመጋቢት መባቻ 1881 ሁለቱ ጦር መተማ ላይ ተጋጠመ። ንጉሡ ቆሰሉ፤ አረፉ። ከዚያም ከዚህም የወደቀው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነው። ጦርነቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ደብዳቤው ብቻውን አላመጣውም። ዘለፋው ያደረገው ግን አንድ ነገር አለ፤ ገርበብ ብሎ የነበረውን የእርቅ በር ዘጋው። ስድብ ሁልጊዜ የሚሠራው ይህን ነው። ጠቡን ባይወልደውም እርቁን ይገድለዋል።

አሁን ደግሞ ስለ አያቶቻችን ሙግት ልንገራችሁ። አያቶቻችን ክርክር ይጠሉ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ይወዱ ነበር፤ ሙግት ጥበባቸው ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከሳሽ ይቆማል፣ ተከሳሽ ይቆማል፤ ሸማ አጣፍቶ፣ ዘንግ ይዞ፣ በግጥም እያዋዛ፣ በምሳሌ እየወጋ ይሟገታል። ሕዝቡ ከቦ ይሰማል። በቃል መዋጋት ተፈቅዷል፤ ግን በሥርዓት ነው።

ቀረብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። ዋስ ማለት እኔ አውቀዋለሁ፣ ቢጠፋ ተጠያቂ እኔ ነኝ የሚል ሰው ነው። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር የሸማቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ ይሄዳል፤ ተናግሮ መሰወር የለም። ሁለተኛ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ተራው ይደርሰዋል፤ ያቋረጠ ይገሠጻል። ሦስተኛ ውርርድ አለ። “ይህን ባላስረዳ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ልቀጣ” ብሎ ተሟጋቹ ይወራረዳል። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ይከፍላል። ቃል ዋጋ ስለነበረው ሰው ቃሉን መዝኖ ያወጣል። ዳኛውም ሩቅ አልነበረም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ የሚያልፈውን ሽማግሌ ጠርተው ከዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል፤ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይሰማቸዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በሕግ አምላክ የሚለው ነው። ሁለት ሰው ዱላ ተማዝዞ ሲቆም፣ በዚያ የሚያልፍ ማንም ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ተራ ገበሬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ “በሕግ አምላክ!” ካለ ሁለቱም ባሉበት መቆም አለባቸው። ይህን ተላልፎ የመታ ሰው ባላጋራውን ብቻ ሳይሆን ሕጉን እንደደፈረ ይቆጠር ነበር። ተመልካቹ ሥልጣን ነበረው ማለት ነው። አይቶ ማለፍ ብቻ ሳይሆን የማስቆም መብትም ግዴታም ነበረው።

ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረውም አልልም። ባለጉልበቱ ጥሩ ነገረ ፈጅ ይገዛል፤ ድሃው በቅሎ ከየት አምጥቶ ይወራረዳል? ሴቶች ብዙ ጊዜ ድምፃቸው አልተሰማም። ግን ጉባኤ ሲሰፋ ምን እንደሚያስፈልገው አያቶቻችን ገብቷቸው ነበር፤ የሚታወቅ ተናጋሪ፣ ተራ፣ የቃል ዋጋ፣ ቅርብ የሆነ ዳኛ፣ ዝም የማይል ተመልካች።

ጉባኤው ወደ ማሽኑ ሲገባ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ይዘን ገብተናል። ከአገር ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በፓልቶክ ክፍሎች ይሰበሰቡ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሌሊቱን ሙሉ ፖለቲካ ሲሰለቅ ያድራል። መናገር የፈለገ እጅ ያወጣል፤ ማይኩ በተራ ይደርሰዋል። ከተሳደበ አድሚኑ ቀይ ነጥብ ያሳርፍበታል፤ ከዚያ በኋላ መናገርም መጻፍም አይችልም። ተራ ነበረ፤ ዳኛም ነበረ። ዋስ ግን አልነበረም። የተባረረው ሰው በሌላ ስም ተመልሶ ይገባል። ዳኛውም ብዙ ጊዜ የአንድ ወገን ነበረና ቀይ ነጥቡ ከተሳዳቢው አልፎ በተቃዋሚው ላይ ያርፍ ጀመር። ሁሉም የየራሱን ክፍል ከፍቶ ከሚስማማው ጋር ብቻ ተቀመጠ።

ከዚያ ስልኩ ሁሉም እጅ ገባ። እስቲ በቆላው አንድ ግሩፕ አስቡ፤ ስም አልሰጠውም፣ ሁላችሁም አንድ እንዲህ ያለ ታውቃላችሁ። ሲጀመር አርባ ሰው ነው፤ ሰሊጥ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች፣ ጥቂት ገበሬዎች። የዛሬ ዋጋ በኩንታል ስንት ነው፣ የጠፋች ግመል ያየ አለ ወይ፣ እገሌ አርፏል ቀብሩ ነገ ነው። ይህ ነው ወሬው። ጠቃሚ ስለሆነ ሰው ይበዛል። አርባው አራት መቶ፣ አራት መቶው አራት ሺህ ይሆናል። አድሚኑ ግን ያው አንድ ሰው ነው፤ ቀን ሱቁን ይሸጣል፣ ማታ ይተኛል።

አንድ ምሽት አንድ ሹፌር ይጽፋል፤ “ሰላም ቤተሰብ፣ የኮኪት መንገድ እንዴት አመሸ?”

አንዱ ይመልሳል፤ “ሰላም ነው ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ና።”

ፎቶው የሌላ ሰው፣ ስሙ ቅጽል የሆነ አንድ እንግዳ ይገባና ይጠይቃል፤ “ሰላሙ ለማን ነው? ለእናንተ ነው ለእነሱ?”

ሌላ ምንም አላለም። ስድብ የሚባል ቃል አልተናገረም። ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። አንዱ “እነሱ ስትል እነማንን ነው?” ይላል። ሌላው “ታውቃቸዋለህ” ይላል። ሦስተኛው የአጎቱን ሞት ያነሳል። አራተኛው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቪዲዮ ይለጥፋል፤ ቪዲዮው የሌላ አገር ይሁን የሌላ ዓመት ማንም አይጠይቅም። እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ የጠየቀው ሹፌር ተረስቷል። ቅጽል ስም ያለው ሰው ዞር ብሏል፤ የሚሰዳደቡት በስማቸው፣ በፎቶአቸው፣ በሰፈራቸው የሚታወቁት የአገሬው ልጆች ናቸው። ነገ ገበያ ላይ የሚተያዩት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ያለው ቃል ባዶ መሬት ላይ አይወድቅም። በ2011 በምዕራብና በማዕከላዊ ጎንደር በአማራና በቅማንት ወገኖቻችን መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሏል። በ2013 ክረምት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ቅማንቶች፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ማይካድራ ላይ በማንነታቸው የተገደሉትን ሰዎች የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በትንሹ 600 ብሎ ገምቷቸዋል፤ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ የወረዱ ሳሉጎች ነበሩ። ይህን ሁሉ ያመጣው ስልክ ነው አልልም። መሬት አለበት፣ ሥልጣን አለበት፣ ጠመንጃ አለበት። ግን ቁስል ባለበት ገላ ላይ የሚወድቅ ቃል በጤነኛው ላይ ከሚወድቀው ይለያል። የግሩፕ ጠባቂ የሆነ ሰው ይህን ካላወቀ ምንም አላወቀም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልውሰዳችሁ። ይህን ቀን በቀን ልቁጠርላችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2014 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሰስ ሃውገን አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መሰከረች። የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይዛ ነው የወጣችው። ኢትዮጵያን በስም ጠርታ፣ መድረኩ በአገራችን የዘር ግጭትን እያራገበ መሆኑን ተናገረች። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 29 እና 30፣ የሰሜኑ ጦርነት እየተካሄደ ሳለ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት የትግራዋዩ መዓረግ አማረ ስምና ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። የለጠፈው ገጽ 50 ሺህ ተከታይ ነበረው። ወንጀለኛ ተደርገው ተሳሉ፤ ከሥሩ ደግሞ ሞታቸውን የሚመኝ አስተያየት ተደረደረ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጥቅምት 4 ለኩባንያው ሪፖርት አደረገ፤ ደጋግሞም አደረገ። መልስ አልመጣም። ጥቅምት 24 ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ተከታትለው የመጡ ታጣቂዎች በራቸው ላይ ተኩሰው ገደሏቸው። ኅዳር 2፣ ከተገደሉ በስምንተኛው ቀን፣ ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን እንደሚጥስ ገልጾ መለሰ። ልጁ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው ሌላኛው ጽሑፍ ከዓመት በኋላም እዚያው ነበር።

የቆላ ሰው ሰሊጥ ያውቃል። የሰሊጥ ፍሬ በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፤ በማግስቱ ማጭድ ይዞ የመጣ ሰው የሚያጭደው ባዶ አገዳ ነው። ክፉ ቃልም እንዲሁ ነው፤ የማንሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚነሳው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሕግ አልነበረንም? ነበረን። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሳ ያዛል። የጥላቻ ንግግር ያደረገ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ፣ በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። በወረቀት 24 ሰዓት ነው፤ በባሕር ዳር ግን ከሪፖርቱ እስከ ግድያው 20 ቀን አለፈ። ሕጉ ሲረቀቅ የመብት ተሟጋቾች ሌላም ስጋት ነበራቸው፤ የጥላቻ ንግግር የሚለው ቃል ከተለጠጠ መንግሥትን የሚተች ሁሉ ሊታሰርበት ይችላል አሉ። ስጋታቸውን አቅልላችሁ አትዩት። ተሳዳቢን ከተቺ የማይለይ ዳኛ፣ ትንሽ አድሚንም ይሁን ትልቅ መንግሥት፣ ጉባኤውን ያፈርሰዋል።

አብርሃም ዝም አላለም። ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ከአምነስቲው ፍስሃ ተክሌና ከኬንያው ካቲባ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለምን ናይሮቢ? አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነቡት የፌስቡክ ይዘት ተቆጣጣሪዎች እዚያ ስለነበሩ። የከሳሾቹ ወገን እንደሚለው ለሦስቱ ቋንቋ የነበሩት 25 ያህል ሰዎች ናቸው። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ጦርነት፣ 25 ሰው! የጠየቁት 200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ የተጎጂዎች ካሳ ፈንድ ነው፤ ተቆጣጣሪ እንዲጨመር፣ ጥላቻን የሚያራግበው አሠራር እንዲታረም፣ ይቅርታም እንዲጠየቅ ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። አባቱን ያጣ ልጅ ትልቁን ኩባንያ ዳኛ ፊት አቆመው።

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይላሉ። የሩቅ ዳኛ አማርኛውን ቢያውቅ እንኳ ነገራችንን አያውቅም። “ሰላሙ ለእናንተ ነው ለእነሱ?” የሚለውን አረፍተ ነገር ለማሽን ስጡት፤ ስድብ የለበትም ይላችኋል። በ2011 የተቃጠለ ቤት ያየ የገንዳ ውሃ ሰው ግን አንብቦ ሳይጨርስ ደሙ ይሞቃል። ስለዚህ የኩባንያውን ግዴታ እየጠየቅን፣ የመንግሥቱን ሕግ እየጠበቅን፣ የቅርቡን ዳኛ ግን ራሳችን ማቆም አለብን።

ደግሞም ይቻላል። የምለው በምኞት አይደለም፤ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። ጄ. ናታን ማቲያስ የሚባል ተመራማሪ በሬዲት ላይ ያኔ ከ13 ሚሊዮን በላይ አባላት በነበሩት የሳይንስ መወያያ 2,190 ውይይቶችን መረመረ። በአንዳንዱ ውይይት ራስ ላይ የጉባኤው ደንብ በግልጽ ተለጠፈ፣ በአንዳንዱ ቀረ። ደንቡ በተለጠፈበት አዲስ ገቢዎች ደንቡን የማክበራቸው ነገር ከ8 የመቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ፤ አዲስ ተሳታፊውም በአማካይ በ70 በመቶ በዛ። ልብ በሉ፤ ሥርዓት ሲታወጅ ሰው አልሸሸም፣ ይልቁንም መጣ። ጨዋ ሰው ዳኛ ያለበትን ጉባኤ ይወዳል።

የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ነገር ጫሪ የሚወለድ ሳይሆን የሚሠራ መሆኑን አሳዩ። ሰዎችን መልካም ስሜት ውስጥ ካስገቡ በኋላ፣ ከፊታቸው ሥርዓት ያለው አስተያየት አስቀምጠው ሲያጽፏቸው ነገር ጫሪ ጽሑፍ የሆነው 35 በመቶ ነው። ስሜታቸውን አበላሽተው፣ ከፊታቸው የነገር ጫሪ አስተያየት ሲያስቀምጡ ግን 68 በመቶ ደረሰ። ከፊት የሚቀመጠው ቃል የኋለኛውን ይጎትታል። የአገሬው ልጅ በዚያ ምሽት ግሩፑ ላይ ሲሳደብ ያደረው ክፉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያውን ቃል ቶሎ የሚያነሳ ስላጣ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህን ነው።

ፍጥነትም ይቀነሳል። ዋትሳፕ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንዴ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲላክ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲገድብ፣ እንዲህ ያለው መልእክት በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ገልጿል። ቴሌግራምም ግሩፑ ሲሞቅ አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳይጽፍ ማዘግያ አለው፤ አድሚኑ ሲፈልግ አንድ ሰው በሰዓት አንዴ ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላል። አያቶቻችን ተራህን ጠብቅ ይሉት የነበረው ነው፤ መሣሪያው እጃችን ላይ እያለ የማይጠቀምበት አድሚን ብዙ ነው።

እንግዲህ የቆላው ግሩፕ ጠባቂ ብሆን የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ለአራት ሺህ ሰው አልቆምም። ግሩፑ ሲያድግ ጠባቂውም ይደግ፤ ከነጋዴው፣ ከሹፌሩ፣ ከገበሬው፣ ከአማራው፣ ከቅማንቱ፣ ከጉሙዙ፣ ከሴቶቹም ሰው ይመረጥ። ሌሊት የሚነቃ ተረኛ ይኑር። ደንቡ አጭር ሆኖ ከላይ ይሰቀል፤ እዚህ የሚወራው ምንድን ነው፣ የማይወራው ምንድን ነው፣ የጣሰ ምን ይደርስበታል። አዲስ ገቢ የሚያውቀው አንድ አባል ዋስ ይሁነው፤ እውነተኛ ስሙን ለሁሉ ላይናገር ይችላል፣ ስሙን ማውጣት ሕይወቱን የሚያሰጋው ሰው አለና፤ ግን ጠባቂው ይወቀው። ቪዲዮ የሚለጥፍ የትና መቼ እንደተቀረጸ ይናገር፤ ያላወቀ አይለጥፍ። የሳተ ሰው መጀመሪያ በግል ይመከር፤ “ወንድሜ፣ ይህ ቃል ሰው ይጎዳል፣ አንሳው” ይባል። ብዙው ያነሳል። እምቢ ያለ ለጥቂት ቀን ይታገድ፤ የደገመ ይሰናበት። የተሰናበተም አቤት የሚልበት ሽማግሌ ይኑረው፤ ጠባቂም ይሳሳታልና። አድሚኑን የተቸ፣ ወረዳውን የተቸ፣ መንግሥትን የተቸ ግን አይነካ።

የሰውን ሕይወት የሚያስፈራራ ቃል ከመጣ ደግሞ ምክር የለም። ወዲያው ይነሳ፣ ፎቶው ለማስረጃ ይቀመጥ፣ ስሙ የተጠራው ሰው ቤት ሰው ይሂድ። መልእክት አይበቃም፤ ይኬድ።

ስለ ዝምታ አንድ ነገር ልጨምር። ዝም አይነቅዝም ብለው አሳድገውናል፤ ለነገር ጫሪው ትክክል ነው። መልስ እንጀራው ነውና አትመልሱለት፤ ሪፖርት አድርጉት፣ ለጠባቂው ጠቁሙት፣ እለፉት። ለተሰደበው ሰው ግን ዝም አትበሉ። በዚያ ምሽት ከአራት ሺህ ሰው መሀል አስሩ “በሕግ አምላክ፣ ይህ ጋሼ የጠየቀው መንገድ ነው፣ መንገዱን እንንገረው” ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። አስር ሰው ብዙ አይደለም፤ አራት ሺህ ሰው ባለበት ቤት አስር ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም።

የመዓረግ አማረን ስም ያወጣው ገጽ 50 ሺህ ተከታይ ነበረው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ጎረቤት፣ ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ ባልደረባ ይሆን? ኩባንያው ይጠየቅ፣ ገዳዩ ይጠየቅ። እኛም እንጠይቅ፤ አይተን ምን አልን? ከእንግዲህ አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ ለጥቃት ሲሰጥ በስልካችሁ ብታዩ፣ ያ ሰው ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሪፖርቱን ዛሬ አድርጉ፣ ስልኩን ዛሬ ደውሉለት፣ ሽማግሌውን ዛሬ ቀስቅሱ። ነገ ለማለት ጊዜ የለም፤ 20 ቀን ምን እንዳደረገ አይተናል።